ለጀማሪ የሚሆን ባሕር

ጥር 6

ሚጡ ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን ብቻዋን ወጣች። መሃል ላይ ሁለቴ ቆማ ተነፈሰች እንጂ ክንዴን አልያዘችም። ተመስገን! ይህን ደብተር የገዛሁት ከሆስፒታሉ ደጅ ነበር፣ የመድኃኒት ሰዓት ልመዘግብበት። መድኃኒቱ አለቀ፣ ደብተሩ ተረፈ። ወረቀት ሲባክን ስለማልወድ የራሴን ነገር ልሞነጭርበት ነው።

ምናልባት ሌላ ሰው እጅ ቢገባ፣ ሚጡ ሕፃን እንዳትመስል። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት የጂኦግራፊ መምህርት ናት። እናታችን ስታርፍ እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እኔ ሃያ። ያኔ ሚጡ ብዬ ይዣታለሁ፣ ሽበት ብታወጣም አልለቃትም።

ኅዳር ላይ ሰሌዳ ላይ ካርታ ስትስል ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። ሳንባዋ ተበስቶ ኖሯል። አየሩ ደረቷ ውስጥ ፈስሶ ሳንባዋ ተኮማተረ አሉን። ጎኗ ላይ ቱቦ ተክለው አሥራ አንድ ቀን አስተኟት። በአራተኛው ቀን ነው እኔ አፌን የከፈትኩት፦ «ብቻ ተነሺልኝ እንጂ፣ ያን የምትወጂውን ባሕር ታቹ ድረስ ተከትዬሽ እገባለሁ!» አሥር ዓመት ሙሉ አብረን እንጥለቅ እያለች ስትለምነኝ «አብደሻል?» ስላት የኖርኩት እኔ። ሚጡ ቱቦዋን እንደያዘች ነርሷን ጠርታ «ይሰሙልኝ፣ ምስክር ይሁኑ» አለች።

ተነሳችልኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል። የዓመት ፈቃዴ ከመጋቢት 12 ጀምሮ ነው፣ የምንሄድበትን ባሕር እስከ የካቲት አጋማሽ መምረጥ አለብን። እስከዚያ እኔ ገንዳ ውስጥ ልማር ተመዝግቤያለሁ። መዝጋቢዋ ሚጡ ናት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፣ እኔም ስስቅ ፈረምኩ።

ጥር 9

ገንዳ። የመጀመሪያ ቀን። ጆሮዬ አሁንም ውሃ አለበት።

የአየር ሲሊንደሩ ወገብ ይሰብራል። ወገብ ላይ ደግሞ የእርሳስ ቀበቶ። መስመጥ የሚፈራ ሰው ላይ እርሳስ ማሰር ምን የሚሉት ብልሃት ነው? አሰልጣኙ ልጅ እግር ነው፣ ትሁት፣ «እትዬ» ይለኛል። ሕጉ አንድ ነው አለኝ፦ «ውሃ ውስጥ ትንፋሽ አይያዝም። ምንም ይምጣ ምን፣ ይተንፍሱ።»

ለእኔ ነው ይኼ የሚነገረው? ሃያ ሁለት ዓመት መነጽር ቤት ጓሮ ቁጭ ብዬ ሌንስ ስሞርድ ትንፋሼን ይዤ ነው። ጠርዙ ማሽኑን ሲነካ ካልያዝኩ እጄ ይናጋል። ደግሞ ሌንሱ ብቻ አይደለም፣ የሚጡን የፈተና ውጤት ስጠብቅም እንደዚያው ነበርኩ።

ጥር 14

ጉዴን ልጻፍ።

ውሃው አገጬ ድረስ ነው። የምተነፍስበትን ላስቲክ ከአፌ አውጥቻለሁ። አሰልጣኙ «ዝግጁ ነዎት እትዬ?» አለኝ። እኔም እንደ ወጉ መለስኩ። እንደ ወጉ ማለት ያው በትንፋሽ ነው፣ አፍ ከፈት፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ፣ አዎ ማለት። በዚያችው ሰኮንድ አጠገባችን የሚዋኙ ሽማግሌ በእግራቸው ውሃውን መቱትና የገንዳው ግማሽ ጉሮሮዬ ገባ። ሳልኩ፣ አለቀስኩ፣ አሰልጣኙን አንገቱን አንቄ ያዝኩት። ሽማግሌው ጠርዙን ይዘው «ምን ሆነው ነው?» ሲሉ አሰልጣኙ «አዎ ብለው ነው» አላቸው። ገንዳው ሙሉ ሳቀ።

«ከዛሬ ጀምሮ አዎ በእጅ ነው እትዬ» ብሎ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ቀለበት አድርጎ አሳየኝ።

ቤት ገብቼ ለሚጡ ስነግራት «ጎኔን! ጎኔን አታስቂኝ!» እያለች አልጋው ላይ ተንከባለለች። ምን ታድርግ፣ እኛ ቤት አዎን በአፉ የሚል ሰው ኖሮ አያውቅም። እናታችን ጭራሽ በቅንድቧ ታግዘው ነበር። ሚጡ እንደዚህ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ለዚህ ሳቅ ሌላም ገንዳ ብጠጣ አይቆጨኝም።

ጥር 18፣ ማታ

የሦስት ቦታ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ተቀመጥን።

አንደኛው ገደሉ ነው። የባሕሩ ወለል ድንገት ተቆርጦ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚወርድበት። ፎቶው ከሚጡ አልጋ በላይ ስድስት ዓመት ተሰቅሏል፣ ለተማሪዎቿ ሳይቀር «አንድ ቀን እዚህ እወርዳለሁ» ትላለች። ሁለተኛው ደሴት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት በጀልባ። እኔ አውቶቡስ ላይ የሚያስመልሰኝ ሰው! እሱን ወዲያው ሰረዝነው። ሦስተኛው ትንሽ ሰላጤ ነው። ወለሉ አሸዋ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ ስድስት ሜትር፣ ውሃው ሳፋ ውስጥ እንዳለ የተኛ፣ ሆስፒታል በእግር የሚደረስ።

ሚጡ ወረቀቱን ሳታገላብጥ «ሦስተኛው» አለች።

«ገደሉስ?»

«ለጀማሪ አይሆንም።»

«አንቺ ጀማሪ አይደለሽማ!»

«እታለም፣ ለጀማሪ የሚሆነውን ነው የምንመርጠው። በቃ።» ቀጥላም አንዷን መስመር ጮክ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፦ «ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ከላይ ሆነው ታቹን ያዩታል።» ከላይ መታየቱ ምን ይረባናል? ወርደን እናየው የለ!

ይኸው እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት የጠበቀችውን ለእኔ ብላ ልትተወው ነው። እኔ ደግሞ ገደሉን ስትሰርዘው ውስጤ እፎይ አለ፣ እግዜር ይይልኝ። እሷ ለእኔ መተው የለመደች አይደለችም፣ መተው የእኔ ሥራ ነበር። እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅበትም።

ጥር 22

ልብስ ላሰጣ ስወጣ ሚጡ ኮሪደር ላይ በስልክ፦ «አይ፣ አልነገርኳትም። ከነገርኳት አትገባም። ... እሷ ገብታ ካየሁ ይበቃኛል።»

ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ይሆናል። ወይ ስለ ዓሦቹ። እዚያ ትልልቅ አሉ ይባላል። ስታየኝ ስልኩን ዘጋችና ልብሱን አብራኝ አሰጣች። አልጠየቅኳትም። ልጅቷ ምስጢር አይኑራት?

ጥር 25

እሰይ! እሰይ! ድንች ስልጥ ሚጡ ገባች፣ ዛሬ የሐኪም ቀጠሮዋ ነበር። በሩን እንኳ ሳትዘጋ «ሐኪሙ መጥለቅ ፈቀደልሽ ወይ?» አልኳት። ትንፋሿን ሳብ አድርጋ አዎ አለችኝ። ቢላዋውን ጥዬ አቀፍኳት። «እታለም...» ስትል አላስጨረስኳትም፣ እኔ ስለፈልፍ፣ ስስማት፣ ድንቹ ሲያር። እንባዬ ሹራቧን አራሰው። ተመስገን፣ አብረን ልንገባ ነው።

የድካም ነገር ሆኖ ነው መሰለኝ ሳትበላ ተኛች።

የካቲት 1

ዛሬ ለማመስገን ቀን አይበቃኝም።

ያለ መነጽር ገንዳ ውስጥ አሰልጣኙን እንኳ የማየው እንደ ጆንያ ነው። ይህን ለአለቃዬ እንደ ቀልድ ነገርኳቸው። ከራሳቸው መሳቢያ ምርጡን ሌንስ አወጡ። «ዓሣው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ቢታይሽ የእኛ ቤት ስም ነው የሚጠፋው» አሉኝ። በምሳ ሰዓት በመጥለቂያው መነጽር ቅርጽ ሞረድኩት፣ እርሳቸው መብራቱን ይዘው። ከውስጥ በኩል ስንለጥፈው አንዲት የአየር ነቁጥ አልገባችበትም። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ዓይን ስሠራ ኖሬ ለራሴ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም። አለቃዬን እግዜር ይስጥልኝ።

ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ከፊት ክፍል ለደንበኛ ስታወራ ሰማሁ፦ «እህቷን ብላ እኮ ነው። ብቻዋን ብትሆን የገላ መታጠቢያ ገንዳም አትገባ!»

እውነቷን ነው። ምን ያናድደኛል። አናደደኝ።

የካቲት 5

ቆረጥኩ። ገደሉን እይዛለሁ። ለሚጡ አልነግራትም፣ ድንገት ነው የማሳያት።

ለጉዞ ወኪሏ በምሳ ሰዓት ከጓሮ ደወልኩላት። ጀማሪ ከላይ፣ ደልዳላው ላይ መቆየት ይችላል አለችኝ፣ የለመደ ሰው ከመሪ ጋር ይወርዳል። በቃ! እኔ ከላይ እሆናለሁ፣ እሷ ትወርዳለች። አንዴ እንኳ ተሳስቼ ለጋስ ልሁን። የጤና ቅጽ በፖስታ ትልክልናለች፣ ለየራሳችን የምንሞላው።

የካቲት 8

ልቤ ድው ድው ይላል። በደስታ ነው። ገንዳ ውስጥ ዛሬ አየሬን ቶሎ ጨረስኩት። እሱም በደስታ ነው።

የካቲት 12፣ ማታ

ከየት ልጀምር።

ማሽኑ ላይ ነበርኩ። ሚጡ በጓሮ በር ገባች። ጩኸቱ ራሷን ስለሚያማት ሥራ ቦታዬ አትመጣም። በእጇ የተከፈተ ፖስታ። ማሽኑን አጠፋሁት።

«ይኼ ምንድን ነው እታለም?»

«እንዴ! ማን ክፈቺው አለሽ? ስጦታ ነበር፣ አበላሸሽብኝ!»

«ገደሉን ያዝሽ?»

«ያዝኩ! አሁን ለጀማሪ ምናምን እንዳትይኝ። እኔ ከላይ እቆያለሁ፣ አንቺ ትወርጃለሽ።»

ወንበር ሳበች። የሌንሱን ትሪ ገፋ አድርጋ ቅጹን ዘረጋችና አምስተኛው ጥያቄ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሳንባዎ ተበስቶ ወይም ተኮማትሮ ያውቃል?

«ሙዪውና ሐኪሙ ይፈርምልሻል» አልኳት። «ፈቅዶልሽ የለ?»

«አልፈቀደልኝም።»

«እንዴት አልፈቀደልሽም? አዎ ብለሽኝ!»

«መቼ?»

«ድንች ስልጥ! ፈቀደልሽ ወይ ስልሽ እንዲህ አላልሽም?» ብዬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩላት።

«ሦስት ፎቅ ወጥቼ መግባቴ ነበር እታለም። ትንፋሽ ነው የወሰድኩት።»

የማሽኑ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። አለቃዬ በሩን ከፈት አድርገው አዩንና ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት።

«ታዲያ ለምን አላረምሽኝም?»

«ላርምሽ ስል አቀፍሽኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተመቸኝ። እኔ እንደማልገባ ካወቅሽ አንቺም አትገቢም።»

ሐኪሙ ዕድሜ ልክ ነው ያላት። ከእንግዲህ መጥለቅ የለም፣ ታች ሆና ሳንባዋ እንደገና ቢበሳ መትረፊያ የላትም። በቱቦ እየተነፈሱ ላይ ላዩን መዋኘት ብቻ ተፈቅዶላታል። ይኼን ሁሉ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ታውቃለች። የዚያን ቀን ቀጠሮ ለማረጋገጥ ብቻ ነበር። በስልክ ታወራ የነበረውም ከአሰልጣኙ ጋር ነው።

«ያለ አንቺ ጣቴንም አልነክርም!» ብዬ ጮህኩ።

«ይኸው» አለች። «ይኼን ፈርቼ ነው።» ፖስታውን ትታ ወጣች።

የካቲት 13

ገንዳ ቀረሁ። ገደሉን ሰረዝኩ። እራት በየክፍላችን።

የካቲት 14

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ደብተር ላይ እንኳ ካልዋሸሁ ምን ይቀረኛል፣ ልጻፈው።

«አልፈቀደልኝም» ስትለኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። እፎይታ ነው። እህቴ በምድር ላይ አብልጣ የምትወደውን ነገር ለሁልጊዜ አጣሁ ስትለኝ፣ እኔ በሆዴ «እንግዲህ ቀረልኝ» አልኩ። ሐዘኑ ከኋላ ነው የመጣው። የጮህኩትም ይኼ እንዳይታወቅብኝ ነው። አፈር ልብላ።

ስልኩንም እኮ ሰምቼው ነበር። ሳትበላ ስትተኛም አይቻለሁ። ማወቅ አልፈለግኩም እንጂ።

የካቲት 17

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ክፍሏ ገባሁ። ፎቶው ከግድግዳው ወርዷል። ደብተር ታርማለች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳላሳምር ነገርኳት፣ እፎይ ማለቴን።

ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች «አውቃለሁ» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ፊትሽ ላይ ነዋ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት እሱን ሳነብ ነው ያደግኩት።»

«አትቆጪኝም?»

«እቆጣሻለሁ። ቀድመሽ ግቢልኝና።»

ሳቅ መጣብኝ፣ ከሳቁ በኋላ ለቅሶ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ደብተሩን ዘግታ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ዋና ስማር አንቺ ዳር ቆመሽ ፎጣ ትይዢ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባም፣ መጀመሪያ ስጠልቅም፣ አንቺ ዳር። አንድ ቀን እንኳ ፎጣውን ጥለሽ አልገባሽም። አሁን የመያዙ ተራ የእኔ ነው፣ አትከልክይኝ።»

«ዳር መቆም ያስጠላል እኮ ሚጡ።»

«አውቃለሁ። ስድስት ሜትር የመረጥኩት ለምን ይመስልሻል? ከላይ ሆኜ እንዳይሽ ነው። ለጀማሪ የሚሆን ስልሽ አልዋሸሁም፣ ከላይ በማየት እኔም ጀማሪ ነኝ።»

አንጀቴን በላችው። እስኪነጋ ሳልጠብቅ እዚያው ቁጭ ብዬ ለመግባት ወሰንኩ። አሁን ግን እፎይታው የለም። እፈራለሁ፣ እንደ ሰው እፈራለሁ፣ እግዜር ይመስገን።

የካቲት 18

ለጉዞ ወኪሏ ደወልኩ። ሰላጤው። ሁለት ሰው፣ አንድ ጠላቂ፣ አንድ ዋናተኛ። «ጠላቂዋ ታናሽዎ ናቸው አይደል?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። በአፌ፣ ጮክ ብዬ።

መጋቢት 3

ፈተናውን አለፍኩ! መነጽሩን ውሃ ውስጥ አውልቄ መልሼ አጠለቅኩ። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፣ በሦስተኛው አለፍኩ። አሰልጣኙ እጁን ሊጨብጠኝ ሲዘረጋ ሳምኩት። ደነገጠ። አለቃዬ ለሥራ ቤቱ ሁሉ ለስላሳ ጋበዙ። ሒሳብ ተቀባይዋም አጨበጨበችልኝ፣ እሷንም ይባርካት።

መጋቢት 13

ደረስን። ሰላጤው ትንሽ ነው፣ ከፎቶው ይሻላል። ክፍላችን ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት። ሚጡ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ወደ ውሃው ሄዳ እጇን ነከረች። ከኋላዋ ቆሜ ጀርባዋን አየሁት። ቆይታ ዞራ «ይሞቃል» አለችኝ፣ ዓይኗ ቀልቶ።

መጋቢት 15

ጣቶቼ አሁንም የተጨማደዱ ናቸው፣ በረንዳው ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሚጡ ውስጥ ተኝታለች።

ጠዋት መሪዬ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ቁጥብ፣ ፂማም። ገመዱን ይዤ እንድወርድ አደረጉኝ። ሁለት ሜትር ላይ ጆሮዬ ወጋኝ፣ እንደተማርኩት አፍንጫዬን ይዤ አየር ገፋሁ፣ አልከፈት አለኝ። ልቤ ከዚያ ሁሉ ውሃ በላይ ይመታል። በቃ፣ ወጣሁ፣ ቀረ፣ ይሳቁብኝ አልኩ። ለመውጣት ቀና ስል ሚጡን አየኋት። በሆዷ ተንሳፍፋ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ቱቦዋን ነክሳ ቁልቁል ታየኛለች። ነይ አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም። እዚያው አለች።

ጆሮዬ ጧ ብሎ ተከፈተ። ወረድኩ።

አሸዋው ላይ በጉልበቴ አረፍኩ። ዓሣ አየሁ፣ አዎ፣ ቢጫ፣ ባለ መስመር፣ ቅርፊቱ አንድ ባንድ እስኪቆጠር። አለቃዬ አይሙቱብኝ። ግን ትንፋሼን ስለቀው ከአፌ የወጡት የአየር ኳሶች ወደ ላይ እየሰፉ ሄዱና ከሚጡ ሥር ደረሱ። እጇን ሰደደች። መዳፏ ላይ ፈነዱ። ቱቦዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ እየሳቀች ነው። ደግሜ ተነፈስኩ። ፊቷን አስገባችበት።

ከዚያ በኋላ ዓሣውን ተውኩት። ትንሽ እዋኛለሁ፣ እሷ ከላይ ትከተለኛለች። እቆማለሁ፣ ትቆማለች። ደረቴ እስኪሞላ እስባለሁ፣ ባዶ እስኪሆን ወደ እሷ እለቃለሁ። መሪዬ የአየር መለኪያውን እያሳዩ ይቆጡኛል፣ ቀስ በይ ዓይነት። ቀለበት ሠርቼ አዎ እላቸዋለሁ፣ መልሼም ያንኑ አደርጋለሁ።

ሌሎቹ ሃምሳ ደቂቃ የሚቆዩበትን እኔ በሃያ ስድስት ደቂቃ ጨረስኩት። ስንወጣ ሚጡ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አጠገቤ ተንሳፈፈች። «ይኮረኩራል» አለችኝ። እጄን ያዘችኝና እስከ ዳር አልለቀቀችኝም።

መሪዬ ዳር ተቀምጠው ስለ አጠላለቄ መዝገብ ላይ ጻፉልኝ። ጆሮ፣ ደህና። መረጋጋት፣ ደህና። ከሥር ደግሞ «ጀማሪ ናቸው፣ አየር ያባክናሉ» ብለው ፈረሙ። «ቅር አይበልዎ፣ ሲለምዱ ይተዉታል» አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኳቸው። አንዲትም አላባከንኩም።